ጎረቤታሞች በአንድ ቧንቧ ቤታቸውን ያሞቁባት ከተማ

በደጋ አገር በማለዳ እንስራዋን ይዛ ምንጭ የወረደች ሴት ውሃው ለብ ብሎ ይጠብቃታል። በቀትር ብትመለስ ያው ውሃ ይቀዘቅዛታል። የተለወጠው አየሩ እንጂ ውሃው አይደለም፤ ከመሬት ሆድ የሚወጣ በመሆኑ የሌሊቱ ብርድና የቀኑ ሐሩር እምብዛም አይደርስበትም።

ይህንኑ የመሬት ጠባይ ለጋራ ጥቅም ካዋሉት መካከል በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት የምትገኘው የፍራሚንግሃም ከተማ አንዷ ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 አጋማሽ ሥራ የጀመረው መረብ 36 ሕንፃዎችን በአንድ የውሃ ቧንቧ ያያያዘ ሲሆን፣ ከእነዚህም ውስጥ የግል ቤቶች፣ አነስተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች የሚኖሩባቸው አፓርታማዎችና የእሳት አደጋ ጣቢያ ይገኙበታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመኪና ማቆሚያ ቦታዎች 90 ያህል ጠባብ ጉድጓዶች፣ እያንዳንዳቸው ወደ 200 ሜትር ግድም፣ ተቆፍረዋል። በእነዚህና 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው የመንገድ ቧንቧ ውስጥ በረዶ እንዳይሆን መድኃኒት የተጨመረበት ውሃ ይዘዋወራል። በየቤቱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ ተተክሏል። በረዶ በሚወርድበት ወራት መሣሪያው ከውሃው ሙቀት እየሳበ ቤቱን ያሞቃል፤ በበጋ ደግሞ የቤቱን ሙቀት ወደ ውሃው ይመልሳል። የተመለሰው ሙቀት ከከርሰ ምድር ይቀመጥና ለብርዱ ወራት ይጠቅማል። ጉድጓዱ በዚህ ረገድ እንደ ጎተራ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ አሠራር በእኛ አገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ሥራ ከጀመረው ከአሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ኤሌክትሪክ ጣቢያ ጋር መምታታት የለበትም። ያኛው ከጥልቅ የሚወጣ እንፋሎት ይፈልጋል። ይኸኛው እሳተ ገሞራ ባልጎበኘው ተራ መሬት ላይም ይሠራል።

ለምን በጋራ?

ጉድጓድ ማስቆፈር ከፍተኛ ወጪ ስለሚጠይቅ አንድ ቤተሰብ ለብቻው ሊወጣው ይቸግረዋል። ሌላም ምክንያት አለ። ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት ሙቀት አይፈልግም። አንዱ ሕንፃ እያቀዘቀዘ የሚጥለውን ሙቀት ጎረቤቱ ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ ጠባያቸው የተለያየ ሕንፃዎች በበዙ ቁጥር መረቡ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። በመስኖ ቦይ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ተጠቃሚ ሲጨምር የየሰዉ ድርሻ ይቀንሳል።

ሐሳቡን ያመጡት ባለጋዞቹ አይደሉም። ሂት የተባለው ድርጅት በ2008 በኬምብሪጅ ከተማ በኦድሪ ሹልማን አስተባባሪነት ሲቋቋም ሥራው ሰፈርተኛውን እንደ ደቦ ሰብስቦ ብርድ የሚያስገቡ የቤት ሽንቁሮችን መድፈን ነበር። ኋላም በየመንገዱ የሚያፈሱትን አሮጌ የጋዝ ቧንቧዎች በካርታ አውጥቶ ለሕዝብ አሳየ። ከዚያ በኋላ የቀረበው ጥያቄ ቀላል ነበር፦ አሮጌው የጋዝ ቧንቧ በአዲስ የጋዝ ቧንቧ ከሚተካ ለምን በውሃ ቧንቧ አይተካም? የጋዝ ኩባንያውም፣ ቧንቧ ዘርጊው ሠራተኛም እዚያው ናቸው። ኤቨርሶርስ የተባለው ኩባንያ ሐሳቡን ተቀብሎ የሙከራ ፈቃድ በ2020 አገኘ።

አስቸጋሪው ክፍል

ቧንቧው የሚዘረጋው በመንገድ ሥር ሲሆን፣ ወደ ቤት የሚገባው ግን ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ ነው። እምቢ ያለ ሰው አይገደድም። ቧንቧው በደጁ እያለፈ የማይቀጠል ቤት ሲበዛ ደግሞ ወጪውን የሚካፈለው ሰው ያንሳል። በዚህም የተነሳ ከቁፋሮው በፊት ሰፈርተኛውን ማነጋገር የሥራው ዋና ክፍል ነበር። የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴርም በ2023 11 ማኅበረሰቦች ንድፍ እንዲያጠኑ 13 ሚሊዮን ዶላር ሲመድብ፣ በእያንዳንዱ የጥናት ቡድን ውስጥ ከመሐንዲሶቹ ጎን የነዋሪው ድምፅና ሠራተኛ የሚያሠለጥን ወገን እንዲኖር ጠይቋል።

ሁሉም ቦታ አልተሳካም። በዚያው ግዛት በሎዌል ከተማ ታቅዶ የነበረው ተመሳሳይ ሥራ ወጪው ከተገመተው በላይ በመሆኑ በ2025 ተቋርጧል። በፍራሚንግሃም ግን በ2024 መጨረሻ ለማስፋፊያ 7.8 ሚሊዮን ዶላር የተመደበ ሲሆን፣ ዕቅዱም ሌሎች 140 ያህል ደንበኞችን በነባሩ ቧንቧ ላይ መቀጠል ነው።