ለቅዳሜና እሁድ ዓሣ አጥማጅ ወጪው የት ላይ ነው?

በዐቢይ ጾም ዓሣ ሲወደድ «ምነው መንጠቆ ይዤ ዝዋይ ብወርድ!» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ሐሳቡ ክፋት የለውም። ችግሩ አብዛኛው ጀማሪ ከዕቃ ግዢ መነሳቱ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ዘንግ፣ ሳጥን ሙሉ መንጠቆና ባለ ሁለት ክፍል ድንኳን ይዞለት ይመጣል፤ ዕቃው ሁለት ጊዜ ሐይቅ ያይና ተመልሶ ዕቃ ቤት ይገባል። ነጋዴ ይህን ዓይነቱን የሞተ ካፒታል በሌላ ሰው ሱቅ ሲያየው ይስቃል።

አደንን የሚያስብ ሰው ካለ ነገሩን በአጭሩ እንጨርሰው። በአገራችን አደን የሚፈቀደው ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በሚገኝ ፈቃድ፣ ለዚሁ በተከለሉ ቦታዎች ነው። ደጋ አጋዘን ፍለጋ የሚመጡ የውጭ አዳኞች የሚከፍሉት በዶላር ነው። መሣሪያ መያዝ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። «ጅግራና ቆቅ ብቻ ነው የምመታው» ማለትም ከፈቃድ አያድንም። ለቅዳሜና እሁድ የሚሆነው ዓሣው ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ ምንም ሳይገዙ የሚሄዱበት ቢሆን ይመረጣል። ባቱ፣ በቀድሞ ስሟ ዝዋይ፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል። ሃዋሳ ለማደር ለሚፈልግ የተሻለች ናት። አሞራ ገደል በማለዳ ደርሶ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ ቆሞ ማየት ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል፤ የትኛው ዓሣ በየትኛው ዳርቻ እንደሚገኝ፣ ነፋሱ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱን ከነጀልባው ለግማሽ ቀን ይዞ መውጣት የድንኳን ዋጋ አያህልም። ዋጋውን ሳይቆርጡ ጀልባ ላይ መውጣት እንደማይገባ ግን ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። የደላላ ጠባይ መርካቶም ሆነ ሐይቅ ዳር ያው ነው።

አሁን ወደ ዕቃው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ጀማሪ የሚያገኛቸው ዓሦች በዋናነት ሦስት ናቸው፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ። የሚጠይቁት ዕቃ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። ቆሮሶ ካደገ በኋላ በአብዛኛው በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ አልጌዎችን የሚመገብ ዓሣ በመሆኑ በትልቅ መንጠቆ ላይ የተሰካ ሥጋ አያጓጓውም። ትንሽ መንጠቆ፣ ቁጥር 8 ወይም 10፣ ቀጭን ክርና የመሬት ትል ወይም የሊጥ ድብልብል ይበቃዋል። አምባዛ ተቃራኒው ነው። በማታ የሚነቃ፣ የዓሣ ቁራጭና የሥጋ ትርፍራፊ የማይንቅ፣ ጉልበተኛ ነው፤ ወፍራም ክርና ትልቅ መንጠቆ ይፈልጋል። አየር መተንፈስ ስለሚችል ከውኃ ወጥቶም ለሰዓታት ይቆያል፤ ሞቷል ብሎ እጁን የሚሰድ ሰው በጎን ክንፎቹ ላይ ባሉት እሾሆች ይወጋል። ቢልጫ በሁለቱ መካከል ያለ ሲሆን ትልም ሊጥም ይበላል።

ስለ መንጠቆ ቁጥር አንድ ነገር እንጨምር፤ ብዙ ሰው በጅምላ ገዝቶ የሚጸጸትበት ነውና። ከ1 ቁጥር ወዲህ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፤ 10 ከ6 ያነሰ ነው። ከ1 የሚተልቁት ግን 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እየተባሉ ቁጥሩ ሲጨምር አብረው ይተልቃሉ። ስለዚህ «5» እና «5/0» ለየቅል ናቸው። ዘንግ ለሚገዛ 2 ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝም፣ ቀላል ሪል ያለው አንድ ዘንግ ለመጀመሪያው ዓመት በቂ ነው። ዘንግ የሌለውም ቢሆን ክር፣ ትንሽ እርሳስና ቡሽ ካለው ከጀልባ ላይ በእጁ ያጠምዳል።

መረብ ግን ሌላ ነገር ነው። መረብ የሚጥል ሰው መዝናኛን ትቶ ወደ ምርት ገብቷል፤ በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 መሠረት ለገበያ የሚያመርት ፈቃድ ያስፈልገዋል። በመንጠቆ የሚዝናናውም ቢሆን እንደ ሐይቁ የኦሮሚያን፣ የሲዳማን ወይም የደቡብ ኢትዮጵያን ክልል የግብርና ቢሮ አስቀድሞ ቢጠይቅ ከጭቅጭቅ ይድናል። ጥብቅነቱ ያለ ምክንያት አይደለም። እንስቷ ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው፤ በዚያን ጊዜ ስለማትመገብ መንጠቆ ብዙም አይነካትም፣ መረብ ግን ከነልጆቿ ይወስዳታል። የጫሞ ናይል ፐርች በአንድ ወቅት የአርባ ምንጭ ገበያ ኩራት ነበር። መረብ በዝቶበት ምን ያህል እንደተመናመነ አጥማጆቹን መጠየቅ ነው። ጫሞ በነገራችን ላይ አዞና ጉማሬ የሞሉበት ሐይቅ ስለሆነ ጀማሪ ብቻውን የሚሄድበት አይደለም።

ጤናን በተመለከተ ሁለት ነገር ይበቃል። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ሣር በበዛበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው፤ ዝዋይና ሃዋሳ ላይ ሱሪ ሰብስቦ ውኃ ውስጥ መቆም ስለማያዋጣ ከጀልባ ወይም ከድልድል ላይ ማጥመድ፣ ካልሆነም ቦቲ ጫማ ማድረግ ይገባል። ሁለተኛው ጥሬ ዓሣ ነው። ሐይቅ ዳር በዳጣ ሲቀርብ ቢያጓጓም ጥገኛ ትላትል አብረው ሊበሉ ስለሚችሉ አብስሎ መብላቱ ይሻላል። የሕይወት አድን ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ ደግሞ ዋና የሚችልም አይውጣ፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ ሰው አይመርጥም።

ማደር ለሚፈልግ ላንጋኖ ከከተማው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ለድንኳን የሚመች ዳርቻ አለው፤ ሌሊቱም ብዙ አይበርድም። ድንኳንን ለመጀመሪያ ጊዜ መትከል የሚገባው ግን ላንጋኖ ሳይሆን ጊቢ ውስጥ ነው። የጎደለ ካስማ መኖሩ እዚያው ይታወቃል። ከዚያ ከፍ ያለ ምኞት ያለው ባሌን ያስባል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ከኬንያ መጥተው የተለቀቁት ትራውት ዓሦች ዛሬም በወይብ፣ በሻያና በዳንካ ወንዞች ይገኛሉ፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በ2016 መግቢያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ፈቃዱን ዲንሾ ከሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ነው። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ በመሆኑ ሌሊቱ ውኃ ያረጋል፤ ለላንጋኖ የተገዛ ስሊፒንግ ባግ እዚያ ዋጋ የለውም። ወደ የትኛውም ቦታ ከመነሳት በፊት የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ከተመለሰ ሹፌር መጠየቅ ግድ ነው።

ሒሳቡን ለሚወድ አንድ ቁጥር አለን። ቆሮሶ ተገፎ አጥንቱ ሲወጣ ፊሌቶው ከጠቅላላ ክብደቱ ሲሶ ያህል ነው። ሦስት ኪሎ ዓሣ አጥምዶ የገባ ሰው ለቤቱ ያገባው አንድ ኪሎ ሥጋ ነው ማለት ነው። ነዳጁን፣ ጀልባውንና ምሳውን ሲደምርበት ከአዲስ አበባ ገበያ መግዛት ርካሽ ሆኖ ያገኘዋል። አራት ሆኖ በአንድ መኪና መውረድ ሒሳቡን በእጅጉ ያስተካክለዋል። የበረዶ ሳጥን ግን ከዘንግም ከድንኳንም በፊት መገዛት ያለበት ዕቃ ነው፤ የሆድ ዕቃው እዚያው ወጥቶ በረዶ ውስጥ ያልገባ ዓሣ በቀትር ሙቀት ሞጆን ሳያልፍ ይለወጣል። ባዶ እጁን የቀረ ሰው ከአጥማጁ ገዝቶ ቢመለስ የሚጠይቀው የለም፤ ሲገዛ ግን በማለዳ፣ ዓይኑ ያልደፈረሰ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነውን መርጦ ይግዛ።