ከውኃ በታች ያለው አደጋ፦ የአርክቲክ የካያክ ቀዘፋ ለተከዜ ኃይቅ ምን ያስተምራል?

ሰቆጣን ዋና ከተማው ያደረገው የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ስሙ ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው ደጋው፣ አምባውና በየጊዜው የሚመላለሰው ድርቅ እንጂ የጀልባ ጉዞ አይደለም። ይሁን እንጂ የአስተዳደሩን ቆላማ ወረዳዎች የሚያካልለው ተከዜ በኅዳር 2002 ዓ.ም. ከተመረቀው የኃይል ማመንጫ ግድብ ወዲህ በሸለቆው ውስጥ ረጅም ሰው ሠራሽ ኃይቅ ሆኗል። በበጋ በእግር ይሻገሩት የነበረው ወንዝ ኃይቁ ባረፈበት ሥፍራ ዓመቱን ሙሉ ጀልባ የሚጠይቅ ውኃ ሆነ። በኃይቁ ላይ ዓሣ ማስገርም የአካባቢው ወጣቶች አዲስ መተዳደሪያ ለመሆን በቅቷል። ስለዚህ ትንሽ ጀልባ በአደገኛ ውኃ ላይ እንዴት በደህና ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ለዋግ ሕዝብ የሕይወት ጥያቄ ነው። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ትንንሽ ጀልባዎች በተንሳፋፊ የበረዶ ግግሮች መካከል ከሚቀዘፉበት የአርክቲክ ባሕር ልምድ ጋር በማነጻጸር ለማብራራት ይሞክራል።

ሁለት ዓይነት ተንሳፋፊነት

ካያክ የአርክቲክ ነባር ሕዝብ የሆኑት ኢኑዊቶች የፈጠሩት፣ ባሕር ካመጣው እንጨት ወይም ከዓሣ ነባሪ አጥንት በተሠራ አጽም ላይ የሲል ቆዳ ተወጥሮ የሚዘጋጅ ጠባብ ጀልባ ነው። የሚንሳፈፈው በቆዳው ውስጥ ባለው አየር በመሆኑ ከተቀደደ ይሰምጣል። በጣና ኃይቅ የወይጦ ማኅበረሰብ በሙያው የሚታወቅበት ታንኳ ግን የሚሠራው ከደንገል ነዶ ነው። የታንኳ ተንሳፋፊነት የሚመነጨው ከራሱ ከደንገሉ ቀላልነት ስለሆነ ቢበሳም አይሰምጥም፤ ነገር ግን ቀስ በቀስ ውኃ እየመጠጠ ስለሚከብድ በየጊዜው ከውኃ ወጥቶ መድረቅ አለበት። ሁለቱም የተወለዱት አካባቢያቸው ካበረከተው ቁስ ነው። ደንገል ጥልቀት የሌለውና ከፍታው እምብዛም የማይለዋወጥ ውኃ ይሻል። የተከዜ ኃይቅ ግን ገደላማ ዳርቻ ያለውና ከፍታው በየወቅቱ የሚለዋወጥ በመሆኑ ለደንገል አይመችም። በዚህ ምክንያት በተከዜ ላይ የሚያገለግለው ጀልባ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ ከጀልባው ጋር ግን ለትውልዶች የተከማቸ የአጠቃቀም ዕውቀት አብሮ አልመጣም።

የተሰወረው ክፍል

የበረዶ እፍጋት በአንድ ሜትር ኩብ 917 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን የባሕር ውኃ እፍጋት ደግሞ 1,025 ያህል ነው። በዚህ ስሌት ከተንሳፋፊው ግግር 89 በመቶ የሚሆነው ከውኃ በታች ይገኛል። የተሰወረው ክፍል እየቀለጠ ሲሄድ የግግሩ የስበት ማዕከል ቦታውን ይለውጣል፤ ግግሩም ያለ ማስጠንቀቂያ ተገልብጦ ትልቅ ማዕበል ሊያስነሣ ይችላል። ልምድ ያላቸው ቀዛፊዎች ከግግሮች የሚርቁት የሚታየው ቅርጽ ስለማይታየው ክፍል በቂ መረጃ እንደማይሰጥ ስለሚያውቁ ነው።

በተከዜ በረዶ የለም፤ የተሰወረ አካል ግን አለ። ግድቡ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን ኃይቁ ሲሞላ ወደ 9.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል። ከዚህ ውስጥ ከ5 ቢሊዮን በላይ የሚሆነው ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቅ ነው፤ በንድፉ መሠረትም የውኃው ከፍታ ከ40 ሜትር በላይ ሊወርድ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ኃይቁ ሲሞላ ጫፉ 10 ሜትር ያህል ከውኃ በታች የሚሆን ኮረብታ ቢኖር ጀልባ ያለ ስጋት በላዩ ያልፋል። ውኃው 9 ሜትር ሲወርድ ግን ያው ኮረብታ አንድ ሜትር ብቻ የተሸፈነ አለት ይሆናል። በአርክቲክ የሚንቀሳቀሰው ግግሩ ሲሆን በተከዜ የሚንቀሳቀሰው የውኃው ከፍታ ነው። በመስከረም ደህና የነበረው መንገድ በሰኔ አደገኛ ሊሆን የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። የክረምት ጎርፍ የሚያመጣው ደለል ውኃውን ስለሚያደፈርሰው አለቱን በዓይን መለየት ደግሞ ይበልጥ ያስቸግራል።

ማዕበል፣ ነፋስና ሚዛን

ሁለተኛው ተመሳሳይነት ከዳርቻ የሚነሣ ማዕበል ነው። ከበረዶ ግድግዳ የሚናደው ግግር ማዕበል እንደሚያስነሣ ሁሉ፣ በውኃ የራሰ ገደል ወደ ኃይቅ ሲናድም ተመሳሳይ ውጤት ይኖረዋል። ግድቡ በሚሠራበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ትልቅ የመሬት መንሸራተት ደርሶ ግዙፍ የድጋፍ ግንቦች መጨመር ግድ ሆኖ ነበር። ይህም የሸለቆው ዳርቻ ሁልጊዜ የጸና እንዳልሆነ ያስረዳል። ነፋስን በተመለከተ ደግሞ የማዕበል ቁመት የሚወሰነው በነፋሱ ፍጥነትና ነፋሱ በውኃው ላይ በሚጓዘው ርቀት ነው። ስለዚህ ረጅምና ጠባብ በሆነ ኃይቅ ላይ ሸለቆውን ተከትሎ የሚነፍስ ነፋስ አቋርጦ ከሚያልፈው ይልቅ የከፋ ማዕበል ያስነሣል።

ጀልባ ሲያጋድል የውኃው ግፊት ማዕከል ወዳጋደለው ጎን ይዞራል፤ ጀልባውንም ወደ ቦታው የሚመልሰው ይህ ነው። የመመለሱ ኃይል የሚጸናው የጭነቱ የስበት ማዕከል ዝቅ ሲል ነው። የካያክ ቀዛፊ ከጀልባው ወለል ላይ እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥበት ምክንያት ይኸው ነው። በመሻገሪያ ጀልባ ላይ ግን ተሳፋሪ ይቆማል፤ ፍየልና በግ ይጫናል፤ እንስሳቱ ሲደነግጡም ጭነቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ጀልባን የሚገለብጠው የጭነቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን የጭነቱ ከፍታና እንቅስቃሴም ጭምር ነው።

የውኃ አውሬም መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1896 የኖርዌዩ አሳሽ ፍሪትዮፍ ናንሰን በአርክቲክ በካያክ ሲጓዝ ዋልረስ አጥቅቶ ጀልባውን በስቶበታል። የተከዜ ጀልባ ደግሞ አዞንና ጉማሬን ማሰብ ይኖርበታል።

ንጽጽሩ የማይሠራበት

በአርክቲክ ዋናው ገዳይ ቅዝቃዜ ነው፤ ወደ ዜሮ ዲግሪ በሚጠጋ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ እጁን ማዘዝ ይሳነዋል። የተከዜ ውኃ እንዲህ አይቀዘቅዝም። በተከዜ ገዳይ የሚሆነው ዋና አለመቻልና ዋኝተው የደረሱበት ገደል መውጫ የሌለው መሆኑ ነው። በመሆኑም ከአርክቲክ በቀጥታ ሊወሰድ የሚገባው ቀዳሚ መሣሪያ በውኃ ላይ የሚያቆየው የሕይወት አድን ጃኬት እንጂ ከቅዝቃዜ የሚከላከለው ልብስ አይደለም።

ለጥናት የሚቀረው

ከዚህ ንጽጽር ሦስት የጥናት ርዕሶች ይመነጫሉ። የመጀመሪያው የኃይቁን ወለል በድምፅ ሞገድ ለክቶ ከውኃው ከፍታ ጋር የተዛመደ፣ በየወሩ የሚነበብ የአደጋ ካርታ ማዘጋጀት ነው። ሁለተኛው የመሳፈሪያ ቦታዎች ጥናት ነው። ውኃው 40 ሜትር ሲወርድ 5 ዲግሪ ብቻ በሚያዘቀዝቅ ዳርቻ ላይ የውኃው ጠርዝ 450 ሜትር ያህል ይሸሻል፤ በ30 ዲግሪ ዳርቻ ላይ ግን የሚሸሸው 70 ሜትር ገደማ ነው። አንድ ቋሚ መሳፈሪያ ዓመቱን ሙሉ ሊያገለግል የማይችለው ለዚህ ነው። ሦስተኛው ለእያንዳንዱ የጀልባ ዓይነት በጎኑ ላይ በቀለም የሚሠመር የጭነት ወሰን መወሰን ነው፤ ይህ መስመር ማንበብ ለማይችል ተሳፋሪም ግልጽ ነው።

ኢኑዊቶች ስለ በረዶ ያላቸው ዕውቀት ከመጻሕፍት በፊት በቀዛፊዎች አንደበት የኖረ ነው። በተከዜ ዳርቻም በአማርኛና በኽምጣኛ የሚነገር፣ ኃይቁ ከመሙላቱ በፊት ሸለቆውን በእግራቸው የሚያውቁ አረጋውያን ትዝታ አለ። የትኛው ኮረብታ፣ የትኛው የእርሻ ማሳ ከውኃ በታች እንዳለ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የወለል ልኬቱ ከዚህ ዕውቀት ጋር ጎን ለጎን ሊሰበሰብ ይገባል፤ ሸለቆውን ደረቅ ሆኖ ያየው ትውልድ በየዓመቱ እየቀነሰ ነውና።