መስማት ለተሳናቸው የሚሰጥ አገልግሎትና ክብሩ

እንግሊዛዊው የፓርላማ አባል ጃክ አሽሊ እ.ኤ.አ. በ1967 ከጆሮ ቀዶ ሕክምና በኋላ መስማት ተሳናቸው። ይሁን እንጂ የከንፈር ንባብን ተምረው እስከ 1992 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሠርተዋል፤ ስለ አካል ጉዳተኞች በመሟገታቸውም የሚታወሱት እኒህ ሰው በ1975 ከፍተኛ የመንግሥት የክብር ማዕረግ ተቀብለዋል።

ንግግር ከለመደ በኋላ መስማት የተሳነው ሰው ብዙውን ጊዜ የምልክት ቋንቋን ስለማያውቅ በቤተሰቡ መካከል እንኳ ብቸኛ ይሆናል። ለዚህ ጉዳት ከሚዳርጉት ሕመሞች አንዱ ማጅራት ገትር ነው። ኢትዮጵያ በዚህ በሽታ ቀጠና ስለምትገኝ ጉዳዩ የእብናትን ጤና ባለሙያም ይመለከታል። ከሕመሙ የዳነ ሰው የመስማት ምርመራ ወደሚደረግበት ሆስፒታል ሳይዘገይ ሊላክ ይገባል፤ የውስጥ ጆሮው ወደ አጥንትነት ከተለወጠ የመስሚያ መሣሪያ ተከላ ይከብዳልና። ባለሙያውም ፊቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ረጋ ብሎ ይናገር፤ ማንበብ ለሚችል ሕሙም የመድኃኒቱን አወሳሰድ ይጻፍለት።