ለአንገት ጡንቻ ሥር የሰደደ ሕመም የሚሰጥ የእጅ ሕክምና

የእጅ ሕክምና (ማኑዋል ቴራፒ) ባለሙያው በእጁ ጡንቻን በማሸት፣ በመጫንና በመሳብ እንዲሁም መገጣጠሚያን በማንቀሳቀስ ሕመምን የሚያስታግስበት ዘዴ ነው። የአንገት ሕመም ከ3 ወር በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ ይባላል።

መንስኤ

የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ይህን ክብደት የሚሸከሙት 7 የአንገት አጥንቶችና በዙሪያቸው ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። ለረጅም ሰዓት አጎንብሶ ማንበብ ወይም ስልክ ማየት፣ ከባድ ሸክም፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ሕመሙን ያባብሳሉ። በጪጩ፣ በዲላና በሌሎች የጌዴኦ አካባቢዎች የቡና ጆንያ በትከሻ፣ ማገዶ በጀርባ ተሸክሞ ዳገት መውጣትና መውረድ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለ ሸክም ከማጅራት እስከ ትከሻ የተዘረጋውን ትራፒዚየስ የተባለ ጡንቻ ያደክማል።

አሠራር

በተኮማተረ ጡንቻ ውስጥ ሲጫኑት የሚያም ቋጠሮ መሰል ቦታ ሊኖር ይችላል፤ ሕመሙም ወደ ራስ ወይም ወደ ትከሻ ይሠራጫል። አሜሪካውያኑ ሐኪሞች ጃኔት ትራቬልና ዴቪድ ሲመንስ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ እነዚህን ቦታዎች በዝርዝር ገልጸዋል። ባለሙያው ቦታውን በጣቱ ለጥቂት ጊዜ ይጫናል፣ ከዚያም ጡንቻውን ቀስ ብሎ ይስባል። እፎይታው በአብዛኛው የሚመጣው የነርቭ ሥርዓት የሕመም ስሜትን ስለሚቀንስ እንጂ አጥንት ወደ ቦታው ስለተመለሰ አይደለም። የማሸት ጥቅም ብቻውን ብዙ ጊዜ አይቆይም፤ አንገትንና ትከሻን ከሚያጠነክር እንቅስቃሴ ጋር ሲጣመር የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ወጌሻና ፊዚዮቴራፒ

በኢትዮጵያ ማሸት ከጥንት ጀምሮ የወጌሻ ሥራ ነው። ወጌሻ ስብራትና ውልቃት ያቃናል፣ ወለምታ ያሻል። ፊዚዮቴራፒ ደግሞ እንደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባሉ ተቋማት በትምህርት የሚገኝ ሙያ ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ ከማሸቱ በፊት የእጅን ጥንካሬና የነርቭ ስሜትን ይመረምራል።

ጥንቃቄ

አንገትን በድንገት ማጠማዘዝ፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ ወደ አንጎል ደም የሚያደርስ ሥርን ቀዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ሕመሙ ከአደጋ በኋላ ከጀመረ፣ ወይም ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ፣ የእጅ መዛል ወይም መደንዘዝ ካለበት አንገቱ መታሸት የለበትም። የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳም እንዲህ ሊጀምር ስለሚችል በሽተኛው በቅድሚያ በሐኪም መመርመር ይኖርበታል።