ለቤት የሚሆን የቢላዋ መሳያ እንዴት ይመረጣል?

በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

በየቤታችን ካሉት ዕቃዎች መካከል እንደ ቢላዋ ዘወትር የሚያገለግል፥ እንደ ቢላዋም ቸል የሚባል ዕቃ ያለ አይመስለኝም። ጧት ሽንኩርት ይከተፍበታል፤ ቀትር ላይ ዳቦ ይቈረስበታል፤ በዓል ሲሆን ደግሞ የዶሮው ብልት ይወጣበታል። ነገር ግን ደንዞ እምቢ እስኪል ድረስ ስለ ስለቱ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ሲደነዝም መድኀኒቱ የታወቀ ነው፤ ወይ በደጃፍ ሲሚንቶ ላይ ይፋተጋል፥ ወይም ሲኒ ተገልብጦ በቂጡ ይሳላል።

እኔን ይህን ጽሑፍ እንዳቀርብ ያነሣሣኝ በቤታችን የደረሰ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት በፋሲካ ዋዜማ እናቴ ዶሮ ስትበልት ቢላዋው ደንዞ ስለ ነበረ ከመገጣጠሚያው ላይ ተንሸራቶ የግራ እጇን አውራ ጣት ቈረጣት። እናቴ የምታስተዳድረን በየድግሱ ወጥ እየሠራች ነው። ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ የሠርግ ወራት መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቍስሉ እስኪድን ድረስ ሁለት ሳምንት ስትቀመጥ ሁለት የሠርግ ድግስ አመለጣት። ብዙ ሰው ስል ቢላዋ ያስፈራዋል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ስል ቢላዋ በትንሽ ግፊት ስለሚቈርጥ እጅ ይታዘዘዋል፤ ደንዝ ቢላዋ ግን በኀይል መገፋት ስላለበት፥ የተንሸራተተ እንደ ሆነ ያ ኀይል ሁሉ በጣት ላይ ያርፋል።

እኔም ይህ ዳግመኛ እንዳይደርስ ብዬ ከገበያ አንዲት ትንሽ መሳያ ገዛሁ። ቢላዋውን በስንጥቋ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጎተት ማድረግ ብቻ ነው፤ ወዲያው ይስላል። ደስ ስላለኝም በየማለዳው እስለው ጀመር። ቢላዋው አባቴ ከመሞቱ በፊት ከመኪና ባሌስትራ አስቀጥቅጦ ለእናቴ የሰጣት ነው። ሦስት ወር ያህል ከቈየ በኋላ አንድ ቀን እናቴ ቢላዋውን በመክተፊያው ላይ ብታጋድመው እጀታው አጠገብ ስለቱ ጎድጕዶ ብርሃን ያሳልፋል። ሽንኩርቱም ግማሹ እየተቈረጠ ግማሹ እንደ ገመድ ይያያዛል። እናቴም «ልጄ፥ ሳልኸው ወይስ በላኸው?» አለችኝ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ነገሩ ጠይቄና አንብቤ፥ በእጄም ሞክሬ ያገኘሁትን ከዚህ ቀጥዬ እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ ቢላዋ ደነዘ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ስለት ማለት የቢላዋው ሁለት ገጾች በቀጭን መስመር የሚገናኙበት ቦታ ነው። ይህ መስመር በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንደኛው፥ ብረቱ ሳይጎድል ጫፉ ወደ አንድ ወገን ሲታጠፍ ነው። ሁለተኛው፥ ጫፉ በሥራ ብዛት ሲያልቅና ሲዶለዱም፥ ወይም ሲሸራረፍ ነው። የታጠፈው ቀና ሲደረግ ይድናል፤ ያለቀው ግን ከሁለቱም ወገን ብረት ተፍቆ አዲስ ስለት ካልወጣለት በቀር አይድንም። ስለ መሳያዎች የሚነሣው ክርክር አብዛኛው የሚመጣው እነዚህን ሁለቱን ካለመለየት ነው።

ቀጥሎ የሚታሰበው ማዕዘኑ ነው። የአውሮፓ ዐይነት የወጥ ቤት ቢላዋ አብዛኛውን ጊዜ በእያንዳንዱ ወገን 20 ዲግሪ ያህል ሁኖ ይሳላል፤ የጃፓኖቹ ወደ 15 ዲግሪ ይጠጋል። ማዕዘኑ ባነሰ መጠን ስለቱ ይቀጥናል፥ በቀላሉም ይቈርጣል፤ ነገር ግን ፈጥኖ ይሰበራል። ለዚህ ነው ጃፓኖች ለቀጭኑ ስለት ጠንካራ ብረት የሚመርጡት። የብረት ጥንካሬ በሮክዌል መለኪያ ሲለካ የጀርመን የወጥ ቤት ቢላዋ በ56ና በ58 መካከል፥ የጃፓን ደግሞ ብዙውን ጊዜ 60ና ከዚያ በላይ ይሆናል።

የሚስለው ነገር ከሚሳለው ብረት ይልቅ የጠነከረ መሆን አለበት። ጥንት ሰዎች በተፈጥሮ ድንጋይ ብቻ ይጠቀሙ ነበር። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1891 ዓ.ም. አሜሪካዊው ኤድዋርድ አቺሰን ሰው ሠራሽ አልማዝ አገኛለሁ ብሎ ሸክላ ዐፈርንና ከሰልን ደባልቆ በኤሌክትሪክ ኀይል ሲያግል፥ አልማዝ ሳይሆን ሲሊኮን ካርባይድ የተባለውን እጅግ ጠንካራ ነገር አገኘ፤ ካርቦረንደም ብሎም ሰየመው። ዛሬ መሳያዎች ከዚሁ፥ ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ፥ ከሴራሚክና ከአልማዝ ደቃቅ ይሠራሉ። የሲኒው ቂጥም የሚስለው ስለዚሁ ነው፤ ያልተቀባው ሻካራ ክቡ ከቢላዋው ብረት ይጠነክራል። በድንጋዩ ላይ የሚጻፈው ቍጥር የቅንጣቱን መጠን ያመለክታል፤ ቍጥሩ በበዛ መጠን ቅንጣቱ ይደቃል። ከ220 እስከ 400 ያለው ለተሸራረፈ፥ 1000 ለተለመደው መሳል፥ ከ3000 እስከ 6000 ያለው ለማለስለስ ነው።

እንግዲህ በእጅ የሚሠራባቸው መሳያዎች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

1ኛ፤ ሞረድ። ሥጋ ቈራጮች ቢላዋቸውን ወዲህና ወዲያ የሚያፋጩበት ክብ የብረት ዘንግ ነው። ሥራው በይበልጥ የታጠፈውን ስለት ማቅናት ነው እንጂ አዲስ ስለት ማውጣት አይደለም። ስለዚህ ፈጽሞ የደነዘን ቢላዋ በሞረድ ቀኑን ሙሉ ቢያፋጩት ድካም ብቻ ነው። ጠንካራውን የጃፓን ቢላዋ ደግሞ ሸንተረር ያለው ሞረድ ሊሸራርፈው ስለሚችል፥ ለርሱ የሴራሚክ ዘንግ ይሻለዋል።

2ኛ፤ እየጎተቱ የሚስሉበት። እኔ የገዛሁት ዐይነት ነው። ብዙዎቹ በስንጥቃቸው ውስጥ ሁለት የተንግስተን ካርባይድ ስለቶች አሏቸው፤ እነርሱም ብረቱን ይልጡታል እንጂ አይስሉትም። ዋጋው ትንሽ፥ ሥራውም ፈጣን ነው። ነገር ግን ማዕዘኑ አንድ ብቻ ነው፤ ብረት በከንቱ ያባክናል፤ ስለቱንም ሻካራ አድርጎ ይተወዋል። ለርካሽ ቢላዋ ቢሆን ግድ የለም፤ ለሚወዱት ቢላዋ ግን አልመክርም።

3ኛ፤ እንደ ቪ ፊደል የቆሙ ዘንጎች። በዚህ ረገድ ስፓይደርኮ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የሚሠራው ሻርፕሜከር የታወቀ ነው። የሴራሚኮቹ ዘንጎች በመደባቸው ላይ ተዘንብለው ስለሚቆሙ ሳዩ ቢላዋውን ቀጥ አድርጎ ከላይ ወደ ታች መሳብ ብቻ ይበቃዋል፤ 15 ወይም 20 ዲግሪ ያወጣለታል። ስለቱ ገና ያልሞተን ቢላዋ ለመጠበቅ እጅግ መልካም ነው፤ የተሸራረፈውን ለማደስ ግን ብዙ ጊዜ ይፈጃል።

4ኛ፤ መሪ ዘንግ ያላቸው። ላንስኪ የተባለው ለምሳሌ ቢላዋውን በመቈንጠጫ ይይዝና ድንጋዩ በቀጭን ዘንግ እየተመራ በ17፥ በ20፥ በ25 ወይም በ30 ዲግሪ እንዲሄድ ያደርጋል። እጅ ባይለምድም ማዕዘኑ አይዛነፍም። ጉድለቱ ለማሰርና ለመፍታት ጊዜ መውሰዱ፥ ረዥም ቢላዋ ሲሆንም ቦታ እየለወጡ ሁለት ጊዜ ማሰር ማስፈለጉ ነው።

5ኛ፤ ተንከባላይ መሳያ። ሆርል የተባለው የጀርመን ፋብሪካ እንደሚሠራው፥ ቢላዋው በማግኔት ተይዞ በ15 ወይም በ20 ዲግሪ ጋደም ይላል፤ ክቡ መሳያም በጠረጴዛው ላይ እየተንከባለለ ስለቱን ይነካዋል። ቀላልና ንጹሕ ሥራ ነው፤ ዋጋው ግን ከበድ ይላል።

6ኛ፤ ጠፍጣፋው የመሳያ ድንጋይ። ከሁሉም የቀደመው ይህ ነው። ለማንኛውም ማዕዘን፥ ለማንኛውም ርዝመት ይሆናል፤ የተሸራረፈውንም ያድሳል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የእጅ ልምድ ነው።

ታዲያ የትኛውን እንምረጥ? ሦስት ነገር ራሳችንን ብንጠይቅ መልሱ አይጠፋም። ያለን ቢላዋ ምን ዐይነት ነው? ያለበት ችግር መታጠፍ ነው ወይስ ማለቅ? እኛስ ለመማር ትዕግሥት አለን ወይ? ለመማር ጊዜ የሌለውና ገንዘብ ያለው ሰው መሪ ዘንግ ያለውን ወይም ተንከባላዩን ቢገዛ አይጸጸትም። እኔ ግን እንደ እኛ ላለ ቤት የምመርጠው በአንድ ወገን 400፥ በሌላው 1000 የሆነ አንድ ድንጋይ ነው። የሴራሚክ ዘንግ ቢጨመርበት መልካም ነው፤ ባይገኝም በሁለቱ መሳል መካከል ሲኒው ይበቃል።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። ድንጋዩ እንዳይንሸራተት እርጥብ ጨርቅ ይነጠፍበታል። የውሃ ድንጋይ ከሆነ አረፋ መስጠቱን እስኪያቆም ይዘፈዘፋል። ማዕዘኑን ለማግኘት የጂኦሜትሪ ትምህርታችን ይረዳናል፤ ቢላዋው 4 ሳንቲሜትር ስፋት ቢኖረው ጀርባውን 1 ሳንቲሜትር ያህል ማንሣት 15 ዲግሪ ገደማ፥ 1.4 ሳንቲሜትር ማንሣት 20 ዲግሪ ያህል ይሰጣል። ከዚያም ያንኑ ከፍታ ሳይለቁ፥ በሌላው ወገን በስለቱ ጠርዝ ላይ በጣት ሲዳሰስ የሚሻክር ቀጭን ብረት እስኪወጣ ድረስ አንዱን ወገን መሳል ነው። ዳሰሳውም ከጀርባ ወደ ስለቱ ይሁን እንጂ በስለቱ ርዝመት አይሁን። ይህ ሻካራ ጠርዝ ከእጀታው እስከ ጫፉ ሳይወጣ ወገን መለወጥ የጀማሪ ሁሉ ስሕተት ነው፤ እኔም ሁለት ሳምንት የደከምሁት በዚህ ነው። ከዚያ ሌላውን ወገን እንዲሁ መሳል፥ በመጨረሻም እጅን እያቀለሉና ወገን እያፈራረቁ ያንን ሻካራ ማስወገድ ነው። ስለቱን በጣት ሳይሆን በወረቀት ወይም በቲማቲም ፈትኑት። ድንጋዩ ራሱ መካከሉ ሲጎደጕድ ደግሞ በመስተዋት ላይ በተነጠፈ የብርጭቆ ወረቀት ላይ አሽቶ ማስተካከል ይገባል።

የአባቴን ቢላዋ ለማዳን አምስት ማታ ፈጀብኝ። ጕድጓዱ እንዲጠፋ ቀሪውን ስለት ሁሉ ከርሱ ጋራ ማውረድ ስለ ነበረብኝ፥ ቢላዋው ከቀድሞው ይልቅ በጥቂት ሚሊሜትር ጠቧል፤ የጎደለው ብረት አይመለስም። ዛሬ ግን በመክተፊያው ላይ ሲያጋድሙት ብርሃን አያሳልፍም። እናቴም ወደ ድግስ ስትሄድ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛው ትሄዳለች፤ ከሄደችበትም የሌሎችን ቢላዋ እየለቀመች ታመጣልኛለች።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ይህን ሙያ በትዕግሥት ብትማሩት ዕድሜ ልክ ያገለግላችኋል። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ወደ ማድ ቤት ገብታችሁ የቤታችሁን ቢላዋ በመክተፊያው ላይ አጋድማችሁ እዩት። ብርሃን ካሳለፈ፥ ነገ ሳትሉ ድንጋይ ፈልጉ።