ካርታው ስለ ፒያሳ ሰማይ የሚለው

አራዳ ውስጥ ክረምትን ደጋግሞ ያሳለፈ ሰው ወደ እንጦጦ ቀና ይልና ከሰዓት በኋላ ዝናብ መኖር አለመኖሩን ይናገራል፤ ብዙ ጊዜም ይሳካለታል። ይህ ዕውቀት ግን ከሁለት ሦስት ሰዓት አያልፍም። ሰርግ ለሚደግስ፣ ቤት ለሚያስገነባ፣ መንገድ ዳር ለሚነግድ የነገውና የሳምንቱም ያስፈልገዋል። ለዚያ ካርታ አለ፤ ዛሬ በየስልኩ ይገኛል። ችግሩ፣ ስለ ካርታው የሚሰጠው ማብራሪያ በአብዛኛው ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰማይ የተጻፈ መሆኑ ነው።

በእነዚያ ማብራሪያዎች ቀድሞ የሚመጣው የግንባር መስመር ነው። ሰማያዊ ሦስት ማዕዘኖች የተደረደሩበት መስመር ቀዝቃዛ አየር ሞቃቱን እየገፋ መምጣቱን፣ ቀይ ግማሽ ክቦች የተደረደሩበት ደግሞ ሞቃት አየር በቀዝቃዛው ቦታ እየገባ መሆኑን ያሳያል። ዘዴውን ያወጡት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በኋላ በኖርዌይዋ በርገን ከተማ ይሠሩ የነበሩ ሊቃውንት ናቸው፤ ስሙንም ከጦር ግንባር ወሰዱት። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ለእኛ ዝናብ የሚያመጣልን የሁለቱ አየሮች ግጭት ሳይሆን እርጥበት አዘል ነፋስ ደርሶ ወደ ላይ መነሳቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መታየት ያለበት ነፋሱ ነው።

ነፋስ በካርታ ላይ ክንፍ ባላት ዘንግ ይሣላል። የዘንጓ አንድ ጫፍ ጣቢያውን በሚያመለክተው ነጥብ ላይ ያርፋል፤ ክንፎቹ ያሉበት ሌላው ጫፍ ነፋሱ የመጣበትን አቅጣጫ ያሳያል። ብዙ ሰው የሚሄድበት ይመስለዋል። አጭር ክንፍ 5 ኖት፣ ረጅም ክንፍ 10 ኖት፣ ባንዲራ መሳይ ሦስት ማዕዘን 50 ኖት ነው። ሁለት ረጅምና አንድ አጭር ካያችሁ 25 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በክረምት ዘንጎቹ ከደቡብ ምዕራብና ከምዕራብ ሲዘረጉ እርጥበት እየገባ ነው። በበልግ ደግሞ ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረብ ባሕር በኩል፣ ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ መምጣታቸውን ፈልጉ። በበጋ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ደረቅ ነው፤ ሰማዩን ጥርት አድርጎ ሌሊቱን ያቀዘቅዘዋል።

የሰሜኑና የደቡቡ ነፋሳት የሚገናኙበት ቀጠና ፀሐይን ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። በጥር ከምድር ወገብ በታች ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ እኛም በእርጥበቱ በኩል እንቀራለን። ካርታው ላይ ይህ መስመር የት እንዳለ ማየት ለእኛ ከየትኛውም የግንባር ምልክት ይበልጣል።

እኩል የአየር ግፊት ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዙት ጠመዝማዛ መስመሮች ጠንቃቃ ንባብ ይፈልጋሉ። ሲቀራረቡ ነፋሱ ይበረታል፤ ሲራራቁ ይላላል። ቁጥሮቹ ግን በባሕር ወለል ልክ የተሰሉ ናቸው። በባሕር ወለል አማካዩ ግፊት 1,013 ሄክቶፓስካል ሲሆን፣ አዲስ አበባ ላይ በመሣሪያ የሚነበበው ከ800 ያነሰ ነው። ለከፍተኛ ቦታ የሚደረገው ስሌት ግምት ስለሚበዛበት በደጋችን ላይ የሚያልፉትን መስመሮች ብዙ አትመኑ። ይልቅ ዓይናችሁን ራቅ አድርጉ። በክረምት ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ የሚቀመጠው የማስካሪን ከፍተኛ ግፊትና በደቡብ አትላንቲክ ያለው የሴንት ሄለና ከፍተኛ ግፊት ሲበረቱ ወደ እኛ የሚገፋው እርጥበት ይጠነክራል። የፒያሳ ዝናብ በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ካሉ ውቅያኖሶች ጋር እንዲህ የተሳሰረ ነው፤ ካርታ ማንበብን እንድወደው ያደረገኝም ይህ ነው።

ከፍ ያለውን አየር የሚያሳዩ ካርታዎችም አሉ። 850 የተባለው 1,500 ሜትር ከፍታ ገደማ ያለውን ነፋስ ያሳያል፤ ፒያሳ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ያ ነፋስ ለእኛ ከመሬት በታች ይውላል! 700 የሚለውን ምረጡ፤ እሱ 3,100 ሜትር አካባቢ፣ ማለትም ወደ እንጦጦ አናት የሚጠጋ ነው።

ትንንሾቹ ምልክቶች ቀላል ናቸው። ጥቁር ነጥብ ዝናብ ነው፤ ነጥቦቹ ሲበዙ ዝናቡ ይበረታል። ነጠላ ሰረዝ መሳይዋ ካፊያ፣ ሦስት አግድም መስመሮች ጉም፣ የተገለበጠ ሦስት ማዕዘን ድንገት መጥቶ የሚያልፍ ዝናብ ነው። ጣቢያውን የሚያመለክተው ክብ ባዶ ከሆነ ሰማዩ ጠርቷል፤ ሙሉ በሙሉ ከጠቆረ በደመና ተሸፍኗል።

ሰዓቱ ግን ያሳስታል። ካርታው ጥግ ላይ ከዜድ ፊደል ጋር የሚጻፈው የዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ለማወቅ 3 ቀንሱ፤ 06 ጠዋት 3 ሰዓት፣ 12 ከቀኑ 9 ሰዓት ይሆናል። 18 ላይ 15 ሲመጣ 12 ቀንሱለት፣ ማታ 3 ሰዓት ነው። 00ን እንደ 12 ቁጠሩት፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት ነው።

የዝናብ ቀለሞች በሚሊ ሜትር ይለካሉ። አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 3,000 ሊትር ይፈስሳል፤ ከራስ መኮንን ድልድይ በታች ባለው ወንዝ ዳር ለሚኖር ሰው ከዳገቱ ጣሪያ ሁሉ የሚወርደውን አስቡት። ስለዚህ ከጠቅላላው መጠን ጋር በስንት ሰዓት እንደሚወርድ ተመልከቱ፤ 30ው በአንድ ቀን ተበትኖ ሲወርድና በአንድ ሰዓት ሲወርድ አንድ አይደለም።

በመጨረሻ፣ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ወቅት ከመግባቱ በፊት የሚያወጣው ካርታ አለ። «ከመደበኛ በላይ» ሲል ጎርፍ፣ «ከመደበኛ በታች» ሲል ድርቅ ይመጣል ማለቱ አይደለም። ያለፉት ዓመታት ዝናብ በሦስት እኩል ምድብ ይከፈልና የመጪው ወቅት በየትኛው የመውደቅ ዕድሉ በመቶኛ ይሰላል። ለምሳሌ ለከፍተኛው ምድብ 45 በመቶ ከተሰጠ፣ ሌሎቹ ሁለቱ በድምሩ 55 ይይዛሉ። «መደበኛ» የሚባለውም እንደ ቦታው ይለያል፤ አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፣ ጎዴ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ። ሁለቱ ከተሞች በካርታው ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ቢቀቡ እንኳ የሚወርድባቸው ውሃ እኩል አይሆንም።