የተንቤን ድንጋይ ለዓለም የሰጠው ምስክርነት

የሻይ በራድ ስታጥቡ ከውስጡ የተጋገረ ነጭ ቅርፊት ታያላችሁ። ቅርፊቱ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የኖራ ድንጋይም የተሠራው ከዚሁ ነው። በጥንት ባሕር ወለል ላይ በጥቂት በጥቂቱ ተጠራቅሞ ድንጋይ ሆነ። በውስጡ ያለው ካርቦን ደግሞ የዚያን ዘመን ባሕር ታሪክ ይዟል።

እንዴት? ካርቦን ሳይለወጡ የሚኖሩ ሁለት ዓይነቶች አሉት፤ አይሶቶፕ ይባላሉ። ቀላሉ ካርቦን 12 ወደ 99 በመቶ፣ ከባዱ ካርቦን 13 ደግሞ 1 በመቶ ገደማ ነው። በባሕር የሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋን ምግባቸውን ሲሠሩ ቀላሉን ያዘወትራሉ። ሞተው በጭቃ ውስጥ በብዛት ሲቀበሩ ቀላሉ አብሯቸው ይቀበራል፤ በውሃው ውስጥ የከባዱ ድርሻ ከፍ ይላል። የሚቀበረው ሲያንስ ድርሻው ይወርዳል። ይህ ለውጥ ያኔ በሚፈጠረው የኖራ ድንጋይ ላይ ተመዝግቦ ይቀራል።

ተመራማሪዎች ከታችኛው ንብርብር እስከ ላይኛው ናሙና እየወሰዱ የሁለቱን ድርሻ ይለካሉ። በአንድ አገር የታየው መውጣትና መውረድ በሌላ አገርም ከተገኘ፣ ንብርብሮቹ የአንድ ዘመን ናቸው ብለው ያዛምዳሉ።

ነገር ግን መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ ይሆናል? ለምሳሌ ከ800 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የከባዱ ካርቦን ድርሻ ወርዶ ቆይቷል። ዘመኑ ስሙን ያገኘው በአውስትራሊያ ካለው ቢተር ስፕሪንግስ ነው። ለውጡ በሁሉም ባሕር በአንድ ጊዜ መድረሱን ለማወቅ እድሜው የሚቆጠር ድንጋይ ያስፈልግ ነበር።

ይህ በትግራይ፣ ተንቤን ተገኘ። እዚያ በኖራ ድንጋዩ መካከል የእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብሮች አሉ። በአመዱ ውስጥ ዚርኮን የሚባል ጥቃቅን ማዕድን ይገኛል። ዚርኮን የያዘው ዩራኒየም በታወቀ ፍጥነት ወደ እርሳስ ብረት ስለሚለወጥ እንደ ሰዓት ያገለግላል።

በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የተንቤንን ልኬት ከሰሜን ምዕራብ ካናዳ ድንጋይ ጋር አመሳከረ። የካናዳው አመድ ለውጡ የጀመረው ከ811.5 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ መሆኑን፣ የተንቤኑ ደግሞ ከ788.7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ማብቃቱን አሳየ። ሁለቱ ምስክሮች ተስማሙ፤ ለውጡ የአንድ አካባቢ ብቻ አልነበረም።

ስለዚህ እናንተ የተንቤን ልጆች፣ የአገራችሁ ድንጋይ ለቤት መሥሪያ ብቻ አይደለም። የዓለም ባሕሮች ታሪክ ሲጻፍ ቀን የቆረጠው እሱ ነው።